የዛገውን የጋዝ መጥበሻ ምድጃ ስለ ማደስ

አሮጌ ዕቃን ጠግኖ መገልገል የቁጠባ ምልክት ስለሆነ በየቤቱ የሚመሰገን ልማድ ነው። ነገር ግን በጋዝ የሚነድ ዕቃ እንደ ወንበርና እንደ ሣጥን ተቈጥሮ የሚጠገን አይደለም። ወንበር በመጥፎ ቢጠገን የተቀመጠበትን አንድ ሰው ይጥላል፤ የጋዝ ምድጃ በመጥፎ ቢጠገን ግን ቤትን ከነቤተ ሰቡ ያቃጥላል። ስለዚህ የትኛው ዝገት ተፍቆ እንደሚድን፤ የትኛውም ክፍል ሳይራሩለት እንደሚለወጥ ለይቶ ማወቅ የቤት አባወራና የእመቤት ተግባር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሴ ቤት የደረሰው ነገር ነው። ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው በጋዝ የሚሠራ አሮጌ የሥጋ መጥበሻ ምድጃ ገዝቼ ነበር። ምድጃውም ሁለት ክረምት ሙሉ በግቢ ቆሞ ዝናብ ሲመታው ከረመ። ለፋሲካ እንግዶቼን በእርሱ ላስተናግድ ስላሰብሁ፤ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ጥቁር ቀለም ቀባሁትና አዲስ አስመሰልሁት። ባለቤቴ አይታ «ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም» ብትል ነገሯን አቃለልሁት። በበዓሉ ዋዜማ ታላቁ ልጄ ክብሪት ጭሮ ቢለኵሰው፤ ነበልባሉ በርብራቡ ሥር በመንደድ ፈንታ በመክፈቻው ቁልፍ በኩል ወጣና የእጁን ጠጕር ለበለበው። ልጁ ፈጥኖ ጋዙን ከሲሊንደሩ ላይ ባይዘጋው ኖሮ ይሆን የነበረውን ማሰብ ያስጨንቃል።

ምድጃው ከበረደ በኋላ ፈታትተን ብንመረምረው፤ ጋዙን የሚያከፋፍለው ቧንቧ ከመክፈቻው አጠገብ በሥሩ በኩል ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኗል። እኔ የቀባሁት ቀለም ቀዳዳውን ከዓይን ሰውሮት ኖሯል።

ዝገት ማለት ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚደርስበት መበላት ነው። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይፋጠናል፤ ከሥጋ የሚንጠባጠበው ስብና ጨውም ዝናብ ሲያገኘው ይህንኑ ያደርጋል። ዝገቱ እንደ ሰፍነግ እርጥበት ይዞ ስለሚቈይ፤ ከላይ ጥቂት መስሎ ከውስጥ ብዙ ይበላል። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር የሠራው የማይዝግ ብረት ክሮሚየም የተባለ ማዕድን የተቀላቀለበት ነው፤ ደኅናው የምድጃ ቧንቧም ከዚህ ዓይነት ብረት ይሠራል። ቢሆንም ስብ፤ ጨውና ኃይለኛ ሙቀት ሲተባበሩ እርሱም ቢሆን በጊዜ ብዛት ይበላል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚድነውን እንናገር። ሥጋው የሚጋደምበት ርብራብ ከወፍራም ቅልጥ ብረት የተሠራ እንደ ሆነ፤ ዝገቱን ፍቆ፤ አጥቦ፤ ፈጽሞ አድርቆ፤ የምግብ ዘይት በስሱ ቀብቶ በእሳት ማጋል ነው። ይህም ሴቶቻችን አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ከሚያሟሹበት ሥራ ጋር ይመሳሰላል። የምድጃውም ሣጥንና ክዳን ካልተበሳ ተፍቆ፤ በውጭ በኩል ብቻ ሙቀት የሚችል ቀለም ይቀባል። ነገር ግን የሽቦ ብሩሽ የተጠቀመ ሰው ከዚያ በኋላ ርብራቡን በእርጥብ ጨርቅ አጥብቆ ይጥረግ። ከብሩሹ የተነቀለ ቀጭን ሽቦ ከሥጋ ጋር ተውጦ ጕሮሮና አንጀት እንደሚወጋ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ መሥሪያ ቤት በ2012 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በሮድ አይላንድ የታከሙትን ሕመምተኞች ጠቅሶ አስታውቋል።

ሁለተኛው፤ በባለ እጅ ሊሠራ የሚችለው ነው። ከነበልባሉ በላይ ተጋድሞ ስቡ ወደ ቧንቧው እንዳይንጠባጠብ የሚከለክለው የብረት ሰሌዳ ከዛገ፤ አሮጌውን ለመለኪያ ይዞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢሄዱ አምሳያውን ቀጥቅጦ የሚሠራ አይጠፋም። ብቻ ብረቱ ዚንክ የተለበጠበት የጣራ ቆርቆሮ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዚንክ በኃይለኛ እሳት ሲግል የሚወጣው ጢስ ሰውን ትኵሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያሳምማል፤ ለምግብም አይገባም።

ሦስተኛው ምሕረት የማይደረግለት ነው፤ እርሱም ጋዝ የሚያልፍበት ክፍል ሁሉ ነው። የተበሳ ቧንቧ በሽቦ አይጠመጠምም፤ በብየዳም አይደፈንም፤ ይለወጣል እንጂ። የጋዙ ጎማ ሲያጥፉት ስንጥቅጥቅ ካለ ወይም ከደረቀ ይለወጣል። የጋዙን ግፊት የሚወስነው ሬጉላቶር በውስጡ ስስ የጎማ ክፍል ስላለው፤ ከውጭ ደኅና ቢመስልም ሲያረጅ ይለወጣል። አዲሱ ሲገዛም ግፊቱ ለምድጃው የተወሰነው መሆን አለበት፤ ለአሜሪካ አገር ምድጃና ለኤውሮጳ ምድጃ የተወሰነው ግፊት ሁልጊዜ አንድ አይደለምና። ጋዝ የሚተፋውን ጥቃቅን ቀዳዳ በምስማር ማስፋትም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቀዳዳው ለጋዙ ዓይነት ተለክቶ የተበሳ ነው።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ፤ ክብሪት ከመጫር በፊት መፈተን ይገባል። ምድጃውን ወደ ደጅ አውጥቶ፤ የምድጃውን ቁልፎች ዘግቶ፤ ሲሊንደሩን ብቻ ከፍቶ፤ መጋጠሚያውንና ጎማውን በሳሙና አረፋ መቀባት ነው። አረፋው እየተነፋ ቢፈላ ጋዝ እያመለጠ ነውና ዘግቶ እንደ ገና ማጥበቅ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን የተባለው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፤ ቡቴን የተባለውም ሁለት ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ሲያመልጥ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ወለልና ወደ ጕድጓድ ወርዶ ይተኛል። ምድጃውም ሲለኰስ ክዳኑ ክፍት ይሁን።

የጋዝ ሽታ ደግሞ የተፈጥሮው አይደለም፤ ለማስጠንቀቂያ የሚጨመር ነው። በ1937 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በአሜሪካ፤ በቴክሳስ፤ በኒው ለንደን ትምህርት ቤት ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቅ ተከማችቶ ቢፈነዳ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሮችና መምህራን አለቁ፤ ከዚያም ወዲህ በጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር ሕግ ወጣ። እንግዲህ ሽታው በቤታችን በተሰማን ጊዜ የእነዚያ ሕፃናት ሞት ያተረፈልን ማስጠንቀቂያ መሆኑን አስበን፤ ፈጥነን ጋዙን እንዝጋ፤ በርና መስኮት እንክፈት፤ መብራትም አናብራ፤ አናጥፋ።

እኛም ቧንቧውን፤ ጎማውንና ሬጉላቶሩን ለውጠን፤ ርብራቡን አሟሽተን፤ የፋሲካው ቢያመልጠን ለዳግማይ ትንሣኤ ሥጋችንን ጠበስንበት። ሳሙናውን የቀባችው ባለቤቴ ነበረች፤ አረፋው ጸጥ ማለቱን አይታ ከፈቀደች በኋላ ልጄ ለኰሰው። የተበላውን ቧንቧ ግን አልጣልሁትም፤ የቤት ዕቃ በምጠግንበት ስፍራ ሰቅዬዋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው፤ ከአደጋ በፊት ለአንድ ቧንቧ የሚከፈል ዋጋ ከአደጋ በኋላ ለልጅ ቍስል ከሚከፈለው እጅግ ያንሳል።