ለመክሰርም ገንዘብ ይጠየቃል
በአሜሪካ ድኃ ባለዕዳ ከኪሣራ አቤቱታ የዳኝነት ገንዘብ ነፃ ስለሚሆንበት ሕግ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሱቆች በርበሬና ሽሮ፣ ቡናና የሀገር ልብስ የሚልክ ነጋዴ፣ ዋጋው በኋላ እንዲከፈለው ተስማምቶ ሳለ ከዚያ አገር የኪሣራ ፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሊደርሰው ይችላል። ባለዕዳው የዳኝነት ገንዘብ እንኳ ሳይከፍል አቤቱታ እንዲያቀርብ እንደ ተፈቀደለት ሲሰማም፣ «ለዳኛ ያልከፈለ ለእኔ ምን ሊተርፈው ነው» ብሎ ወረቀቱን ወደ መሳቢያ ይጥላል። ይህ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው።

ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ግለሰብ በኪሣራ ሕጉ ምዕራፍ 7 መሠረት ንብረቱ ተጣርቶ ከዕዳው እንዲሰናበት ሲያመለክት የሚከፍለው ገንዘብ በ2020 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) 338 ዶላር ደርሷል። በ1973 ክፍያው 50 ዶላር በነበረ ጊዜ፣ አንድ ሥራ ያጣ ሰው ይህንኑ መክፈል አልችልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢደርስም በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደበት። አብላጫዎቹ ዳኞች ገንዘቡ በየሳምንቱ ቢከፋፈል ከሲኒማ መግቢያ ዋጋ ያነሰ ነው አሉ፤ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ግን ይህ የድኃን ኑሮ ካለማወቅ የመጣ ነው ሲሉ አጥብቀው ተቃወሙ። እውነትም፣ ምንም የሌለው ሰው የሌለው መሆኑን ለማስመዝገብ ገንዘብ መጠየቁ እንግዳ ነገር ነው። ከ1994 እስከ 1997 በስድስት የፍርድ ቤት አውራጃዎች ከተሞከረ በኋላ፣ በ2005 የወጣው ሕግ ዳኛው ክፍያውን እንዲያስቀር ሥልጣን ሰጠው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ነጋዴም ባዕድ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድኃ የሆነ ከሳሽ የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል።

በአሜሪካ ግን ድኃ ነኝ ማለት ብቻ አይበቃም። የቤተ ሰቡ ገቢ መንግሥት ካወጣው የድህነት ወለል ከአንድ ተኩል እጥፍ በታች መሆን አለበት፤ ይኸውም በ2025 በአብዛኛዎቹ ክፍላተ ሀገር ለአራት ነፍስ በዓመት 48,225 ዶላር ነበር። በዚህም ላይ ባለዕዳው ገንዘቡን በየጊዜው ከፋፍሎ ለመክፈል እንኳ የማይችል መሆኑን ዳኛው ማመን ይኖርበታል። ፈቃዱ ለግለሰብ እንጂ ለንግድ ማኅበር አይሰጥም፤ ስለዚህ ላኪው የዕቃው ደረሰኝ በባለሱቁ በራሱ ስም ወይስ በማኅበር ስም እንደ ተጻፈ አስቀድሞ ቢያይ ይበጀዋል።

የቀረው የዳኝነት ገንዘብ ብቻ ነው፤ የገንዘብ ጠያቂው መብትም ግዴታም እንዳለ ነው። አቤቱታው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ባለዕዳውን በስልክም በደብዳቤም ክፈል ማለት ክልክል ነው። ማስታወቂያው የሚከፋፈል ንብረት የለም የሚል ከሆነ፣ በኋላ ንብረት ተገኝቷል እስኪባል ድረስ የዕዳ ማስረጃ ማቅረብ አያስፈልግም። ዕቃው የተወሰደው በማታለል ነው የሚል ላኪ ግን፣ ለገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ መጀመሪያ ከተቈረጠው ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ካላቀረበ ዕዳው ከሌሎቹ ጋር ይሰረዝበታል። መሳቢያ ውስጥ የተጣለው ወረቀት ይህን ቀን የያዘ ነው። ለዕዳው ዋስ የሆነ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ የባለዕዳው መሰናበት ዋሱን ነፃ አያወጣውም፤ ላኪው ዋሱን መጠየቅ ይችላል።