ብስክሌቱን የት እንጫነው? ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ማገዱን ካሳወቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳና መልኩ ተለውጧል። በየመንደሩ ቢዋይዲ፣ አይዲ 4፣ አይዲ 6 ቆመው ይታያሉ። የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ የሚወጣው ሰው በርክቷል። ሁለቱ ነገሮች ሲገናኙ አንድ አዲስ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ የተራራ ብስክሌትን በኤሌክትሪክ መኪና ላይ እንዴትና የት እንጫን?

ለድሮው ኮሮላ መልሱ ቀላል ነበር። ፖርቶመጋላው ላይ አውጥቶ በገመድ ጠፍሮ መሄድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ አያልፍም፤ ሒሳቡን ከባትሪው ላይ ይቆርጣል።

ብዙ ሰው ስለ ጭነት ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ክብደት ነው። ለባትሪው የሚከብደው ግን ነፋሱ ነው። ሁለት ብስክሌትና መጫኛቸው ተደምረው 50 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህን ሸክም ከመስቀል አደባባይ 700 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንጦጦ ለማድረስ የሚያስፈልገው ጉልበት የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። ነፋሱ ሌላ ነገር ነው። ግፊቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሸጋገሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ጣሪያ ላይ የቆመ ብስክሌት ደግሞ ይህን ግፊት ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ፔዳሉ፣ መሪው፣ ጥርስ ያለው ወፍራም ጎማው ሁሉ ነፋሱን ይገታል። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚበቃው መኪና በዚህ ምክንያት 20 ቢፈጅ፣ በአንድ ቻርጅ 375 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው 300 ላይ ይቆማል።

በነዳጅ መኪናም ይህ ኪሳራ አለ፤ የማናየው ሞተሩ ቀድሞውኑ አብዛኛውን ነዳጅ ሙቀት አድርጎ ስለሚያባክነው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ጥቂት ነው። ስለዚህ የተጨመረው የነፋስ ሸክም ወዲያው በቁጥር ይታያል። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉም ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም።

ታዲያ ጣሪያ ላይ መጫን ክልክል ነው? አይደለም። ከቦሌ ተነስቶ በከተማ ፍጥነት እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ጉዳቱ ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ አየርም ይረዳናል፤ ከባሕር ወለል አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ሲይዙ ነው።

ይበልጥ የሚፈትነው ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ ጉዞ ነው። በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ሐርጌሳ የገባ፣ ከዚያም ወደ በርበራ ባሕር ለመውረድ የሚያስብ ሰው ይህን ስሌት ይያዝ። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በርበራ ደግሞ ባሕሩ ዳር። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲወርዱ ባትሪው ይደሰታል። ሲመለሱ ግን ሁለት ቶን መኪናን 1,300 ሜትር ወደ ላይ መልሶ ማውጣት ብቻውን ቢያንስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በዚህ ላይ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ቆሞ፣ የቆላው አየር ደግሞ ከደጋው ይልቅ የወፈረ ሆኖ ሲገጥም፣ በርበራ ላይ ሙሉ የመሰለው ባትሪ ሐርጌሳ ሲደርስ የሚያሳስብ ቁጥር ያሳያል። በሐርጌሳና በበርበራ አገር፣ በሶማሊላንድ፣ ሌላም ጣጣ አለ። መኪና የሚነዳው በቀኝ በኩል ሲሆን አብዛኞቹ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። ለመቅደም በሚወጡበት ጊዜ የእነዚህ መኪኖች ሾፌር ፊት ለፊቱን በደንብ አያይም። በዚህ ላይ የኋላውን መስታወት ብስክሌት ከጋረደው፣ በሚቀድምበት በኩል ከኋላ የሚመጣውን ለማየት የግራው የጎን መስታወት ብቻ ነው የሚቀርለት። ወደ ላስ ጌል የዋሻ ሥዕሎች በሚያስገባው አሸዋማ መንገድ ደግሞ ያልጠበቀ ቡሎን ሁሉ ይላላል።

ወደ መኪናው እንመለስ። ማንኛውንም መጫኛ ከመግዛትዎ በፊት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ። አንደኛው ጣሪያው በጉዞ ላይ የሚችለው ክብደት ነው። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል፤ ለምሳሌ አይዲ 4 ላይ 75 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ የብረቶቹና የመጫኛዎቹ ክብደት ይቀነሳል። ሁለተኛው ቁጥር ከኋላ ያለው ጋንቾ ወደ ታች የሚጫነውን ስንት ኪሎ ይችላል የሚለው ነው። ይህ መኪናው ጎትቶ ከሚሄደው ክብደት ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 3ን ተሳቢ እንዲጎትት አልፈቀደለትም፤ ለብስክሌት መጫኛ ግን እስከ 75 ኪሎ የሚችል ማያያዣ በአውሮፓ ይሸጥለታል።

ጋንቾ ላይ የሚገጠመው ጠፍጣፋ መጫኛ ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ነው። ብስክሌቶቹ ከመኪናው ጀርባ፣ አካሉ በገታው ነፋስ ውስጥ ስለሚቆሙ ባትሪው ብዙ አይጎዳም። 15 ኪሎ ብስክሌት ከትከሻ በላይ ማንሳትም አይጠይቅም፤ ወገብ ለሚያመው ሰው ይህ ብቻ ይበቃል። ስሌቱን እንይ። መጫኛው 18 ኪሎ፣ ሁለት ብስክሌት 30 ኪሎ፣ ድምሩ 48 ነው። ሦስት ብስክሌት ሲሆን 63። አራተኛውን ሲጨምሩ 78 ይሆንና ከ75 ያልፋል። ባትሪ ያላቸው ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ ቢሆኑ፣ ሁለቱ ከመጫኛው ጋር 66 ኪሎ ናቸው፤ የብስክሌቶቹን ባትሪ ነቅሎ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ሸክሙን ያቀላል። ከባዱ ብስክሌት ሁልጊዜ ለመኪናው ቅርብ ይሁን። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ መጫኛው እንደ ረጅም ዘንግ ጋንቾውን ስለሚጠመዝዘው፣ ከመኪናው የራቀ እያንዳንዱ ኪሎ ከቀረበው ይልቅ ይጎዳል። በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው የተፈቀደውን ሁሉ አይጫን፤ የመጫኛው አምራች ለኮረኮንች መንገድ የሚያስቀምጠው ገደብ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ወደ እኛ የሚመጡት መኪኖች በአብዛኛው ጋንቾ የላቸውም። ስለዚህ ሰዎች ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳሉ። እባካችሁ አትበይዱ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ነው። የብየዳው ሞገድ በመኪናው አካል አልፎ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን ሊያቃጥል ይችላል፤ የሚበየደው ጠንካራ ብረትም በሙቀቱ ጥንካሬውን ያጣል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያልፍባቸው ማንም በግምት ሊነካቸው አይገባም። ጋንቾ መግጠም ካስፈለገ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ ፋብሪካው ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች በቡሎን የሚታሰር ይሁን። የመብራቱ ገመድም በዚያው ሞዴል ማገናኛ እንጂ ገመድ ተቆርጦና ተላጥቶ አይቀጠልም።

ሦስተኛው ዓይነት በቀበቶ የኋላ በር ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ርካሽ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ የሚሸጠው። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን አልመክረውም። የብዙዎቹ የኋላ በር ላይ የፕላስቲክ ክንፍ፣ ሰፊ መስታወትና ስስ ጠርዝ አለ፤ የቀበቶው ጥፍር የሚይዘው ደግሞ በዚያው ጠርዝ ነው። የአዲስ አበባ በጋ አቧራ በመጫኛው ጎማ እግርና በቀለሙ መካከል ሲገባ፣ በየጉብታው እየተፋተገ ቀለሙን ይልጠዋል። በሞተር የሚከፈተው በርም ብስክሌት ተንጠልጥሎበት በስህተት ቁልፍ ቢነካ ማጠፊያውን ይጎዳል። በአየር ተስቦ መስታወት ላይ የሚጣበቀውን ዓይነትም አቧራ በበዛበት አገር አላምነውም።

የተራራ ብስክሌት የራሱ ጠባይ አለው። ጎማው ወፍራም፣ ቁመናው ረጅም ስለሆነ ለመንገድ ብስክሌት የተሠራ ጠባብ ቦይ አይበቃውም። የፊት ጎማ ተነቅሎ ሹካው የሚታሰርበትን መጫኛ የሚገዛ ሰው፣ የብስክሌቱ የጎማ ዘንግ ወፍራሙ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ይለካ፤ አስማሚ ሊያስፈልግ ይችላል። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ በጥርስ ተጨቁኖ እንዳይያዝ፣ ጎማውን ብቻ የሚይዘውን መጫኛ ይምረጡ።

ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ የት እንደሆነም ያስቡ። አይዲ 4 ላይ ከኋላ በቀኝ ነው። ወደ ኋላ እየሄዱ ቻርጀሩ ሥር የሚቆሙ ከሆነ፣ ከኋላ የወጣው መጫኛ ገመዱ እንዳይደርስ ያደርጋል። ታርጋና የኋላ መብራት መሸፈን የለባቸውም፤ ጥሩ መጫኛ ለሁለቱም የራሱ ቦታ አለው። ወደ ኋላ ሲሄዱ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ብስክሌቱን እንቅፋት አድርጎ ስለሚያየው ከቅንብሩ ማጥፋት ይገባል። ጣሪያ ላይ የጫነ ሰው ደግሞ መሪው ላይ ወረቀት ለጥፎ ቁመቱን ይጻፍበት። 1.64 ሜትር ቁመት ያለው መኪና ላይ የተራራ ብስክሌት ሲቆም ድምሩ 2.7 ሜትር ያልፋል፤ የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ይህን አያስገባም።

አንድ ብስክሌት ብቻ ያለው ሰው ግን ምንም ባይገዛ ይሻለዋል። የኋላውን ወንበር አጥፎ፣ የፊት ጎማውን ነቅሎ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፎ ውስጥ ማስገባት ነው። ነፋስ አይነካውም፣ ሌባም አያየውም።

ከአንድ በላይ ካላችሁ ጋንቾውን አስቀድሙ፤ ጣሪያውን ለአጭር የከተማ መንገድ ተዉት። ስትገዙም መኪናውንና ብስክሌቱን ይዛችሁ ሱቁ ድረስ ሂዱ፤ ተገጥሞ፣ ብስክሌቱ ተጭኖ፣ ተነቅንቆ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።