«አዳኝ» ነን ባዮቹ አዳኞች

በቋንቋችን አውሬ የሚያድነውም፣ ነፍስ የሚያድነውም ሰው «አዳኝ» ተብሎ በተመሳሳይ ፊደላት ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለዕይታ የበቃውን «ዘ ሀንት»፣ ማለትም «አደኑ» የተሰኘውን የአሜሪካ ፊልም ስንመለከት ይህ መመሳሰል ከእዝነ ኅሊናችን አልጠፋም። ክሬግ ዞቤል ባዘጋጀው፣ ኒክ ኩዝና ዴመን ሊንደሎፍ በጻፉት በዚህ ስላቃዊ ፊልም ውስጥ የናጠጡ ከበርቴዎች ተራ ሰዎችን አደንዝዘው በግል አውሮፕላን ከወሰዱ በኋላ እንደ ሚዳቋ ያድኗቸዋል። ገዳዮቹ ግን ራሳቸውን የሚያዩት እንደ ጨካኝ አይደለም። ስለ አየር ንብረት መለወጥ ይጨነቃሉ፤ ጥቁሮችን ለመጥራት ትክክለኛው ቃል የቱ እንደሆነ ይከራከራሉ፤ በአነጋገሩ የሳተውን ባልደረባቸውን ያርማሉ። የጭቁኑ ጠበቆች ነን ባዮች ናቸው። በእጃቸው ያለው ግን ጠመንጃ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሪቻርድ ኮኔል በ1924 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ጄኔራል ዛሮፍ የተባለ፣ ከሩሲያ አብዮት የተረፈ መስፍን በአንዲት ደሴት ላይ መርከባቸው የተሰበረባቸውን መርከበኞች ያድናል። ዛሮፍ ገንዘቡን አስቀድሞ በአሜሪካ አክሲዮኖች ላይ አውሎት ስለነበር እንደ ሌሎቹ ስደተኛ መሳፍንት ታክሲ መንዳት አላስፈለገውም። እንስሳ ማደን ሲሰለቸው ወደ ሰው ተሻገረ። ደራሲው ቢያንስ አዳኙን ከነካፒታሉ አሳይቶናል።

የ2020ው ፊልም በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በፊልሙ ውስጥ ከበርቴዎቹ ሰው ስለማደን በስልክ መልእክት የተለዋወጡት ቀልድ አፈትልኮ ይወጣል፤ ሹመታቸውንና ሥራቸውን ያጣሉ፤ ከዚያም ወሬውን ያናፈሱትን መርጠው ቀልዱን እውነት ያደርጉታል። ስለዚህ ታዳኙ የሚታደነው በተናገረው ነገር እንጂ ጉልበቱን ሸጦ በማደሩ አይደለም። በመደቦች መካከል ያለው ጠብ ወደ ቃላት ጠብ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን አጥብቀን እንነቅፋለን።

ይሁን እንጂ አንድ ትዕይንት አለ፤ ለእርሱ ሲባል ብቻ ፊልሙን ማየት ተገቢ ነው እንላለን። ከተኩስ ያመለጡት ታዳኞች አንድ ነዳጅ ማደያ ይደርሳሉ። የማደያውን ሱቅ የያዙት ባልና ሚስት «ያላችሁት አርካንሳስ ነው» ይሏቸዋል። መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደ አገር ቤት ነው። ቀድመው የገቡት አምነው ይሞታሉ። ከዚያ ቤቲ ጊልፒን የምትጫወታት ክሪስታል ትመጣለች። የሚሲሲፒ ሴት ናት፤ በአፍጋኒስታን በውትድርና አገልግላ ተመልሳ በመኪና አከራይ ድርጅት ተቀጥራ የምትሠራ። ሲጋራ ትጠይቃለች። ዋጋው ይነገራታል። በአርካንሳስ ሲጋራ በዚህ ዋጋ እንደማይሸጥ ታውቃለች፤ በዚያው ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ይገለጥላትና ባለሱቆቹን ትቀድማቸዋለች። ቦታው ክሮኤሺያ ነበር።

ከበርቴዎቹ አንድ የአሜሪካ ማደያ ከነሸቀጡ ባዕድ ምድር ላይ ሲተክሉ የጎደላቸው ገንዘብ አልነበረም። ያላወቁት የአንድ ፓኮ ሲጋራ ዋጋ ነው። ሳንቲም ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ይህን ከየት ያውቀዋል? ወርኃዊ ደመወዙን ለዘይትና ለስኳር ሲያከፋፍል የሚያመሽ አንባቢያችን ይህን ትዕይንት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሌላም አለ። የአደኑ መሪ አቴና (ሂላሪ ስዋንክ) ክሪስታልን ያስጠለፈችው በስም ስሕተት ነው። የተፈለገችው በዚያው ከተማ የምትኖር ሌላ ክሪስታል ነበረች። ለመግደል እንኳ ማንነቷን ማጣራት አላስፈለጋቸውም።

የፊልሙ የራሱ ዕጣም ከዚህ ያልተናነሰ ስላቅ ነው። በመስከረም 2019 (እ.ኤ.አ.) ሊታይ ታቅዶ ሳለ፣ በነሐሴ መጀመሪያ በኤል ፓሶና በዴይተን ከተሞች በሁለት ተከታታይ ቀናት የጅምላ ግድያ ተፈጸመ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፊልሙ ገና ለሕዝብ ሳይቀርብ ሁከት ለመቀስቀስ የተሠራ ነው ሲሉ አወገዙት፤ ዩኒቨርሳል ኩባንያም አነሣው። ከገበያ የተነሣው ፊልሙ እንጂ ጠመንጃው አልነበረም። በመጨረሻ መጋቢት 13 ቀን 2020 ሲወጣ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ወዲያው ተዘጉ።

ክሪስታል እናቷ የነገረቻትን የጥንቸልና የኤሊ ተረት በአንድ ቦታ ታወራለች። በሩጫው የተሸነፈው ጥንቸል ሌሊት መዶሻ ይዞ ይመጣና ኤሊውን ከነቤተሰቡ ገድሎ እራታቸውን ይበላል። ጥንቸሏ ማን ናት፣ ኤሊዋስ? ፊልሙ አይመልስም። በመጀመሪያው ሜዳ ላይ አንድ ደርዘን ያህል ሰዎች በጦር መሣሪያ የተሞላ ሣጥን ይከፍታሉ፤ ተኩሱ ሲዘንብባቸው ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሮጣል። ክሪስታልም ያሸነፈችው ለብቻዋ ነው። የአቴናን ቀሚስ ለብሳ፣ በአቴናም አውሮፕላን ተቀምጣ ሻምፓኝና ካቪያር ትቀማምሳለች፤ የደነገጠችውን አስተናጋጅም ትጋብዛታለች።

ከዚያ የተዋንያኑ ዝርዝር በመጋረጃው ላይ ይወጣል። ከታዳኞቹ ብዙዎቹ የተጸውዖ ስም እንኳ አልተሰጣቸውም፤ የተጻፉት «የከባድ መኪና ነጂ»፣ «የዮጋ ሱሪ»፣ «ትልቁ ቀይ» ተብለው ነው።