ያገለገለው ላንድክሩዘር በድሬዳዋ ገጠር፦ ከመግዣው መያዣው ይከብዳል

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይዋ ሳትበረታ ገበያው ይደምቃል። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ወተቱና ጫቱ ከገጠር ቀበሌዎችና ከአጎራባች ወረዳዎች በየአቅጣጫው ወደ ቀፊራ ይገባል። ገሚሱ በግመልና በአህያ፣ ገሚሱ በአይሱዙ፣ ከፊሉም በባጃጅ ይደርሳል። ከእነዚህ መካከል ቀለሙ በፀሐይ የደበዘዘ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ቅርጫትና ጀሪካን የተደረደረበት አሮጌ ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

የድሬዳዋ አስተዳደር ከተማ ብቻ አይደለም። በቢዮ አዋሌ፣ በዋሂል፣ በጀልዴሳና በአሰሊሶ የተሰባሰቡ የገጠር ቀበሌዎች አሉት። አርሶ አደሩ ማሽላ፣ በቆሎና አትክልት ያመርታል፤ አርብቶ አደሩ ደግሞ ከብትና ግመል ያረባል። ምርቱን ከማሳ እስከ አስፋልት ለማድረስ አቧራ፣ ድንጋያማ አቀበትና በአሸዋ የተሞላ ደረቅ የወንዝ ሸለቆ ማቋረጥ ግድ ይላል። ባጃጅ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፤ አይሱዙ ደግሞ ለትንሽ ጭነት ብሎ ሩቅ ቀበሌ ድረስ መግባት አያዋጣውም። አራቱም ጎማ የሚሽከረከርለት ያገለገለ መኪና በአርሶ አደር ቡድኖችና በማኅበራት ዘንድ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና በሬ ሸጦ፣ ቁጠባ አዋጥቶ ወይም ብድር ወስዶ መኪና ለሚገዛ ገበሬ ስህተቱ የአንድ ዓመት ምርት ሊያስከፍለው ይችላል። የባለንብረቶችና የመካኒኮች የዓመታት ልምድም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ መኪናውን መግዛት አንድ ነገር ነው፣ መያዝ ሌላ ነገር ነው።

የማስጠገን ልምድ ያላት ከተማ

ድሬዳዋ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡሩ ጋራዥ ለበርካታ ትውልድ የእጅ ባለሙያ ማፍሪያ ሆኖ አገልግሏል። ፈረንሳይ ውስጥ ማምረቱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቆመው ፔጆ 404 በድሬዳዋና በሐረር ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ መቆየቱም የዚሁ የጥገና ባህል ምስክር ነው።

ላንድክሩዘርም በዚህ ባህል ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ቶዮታ የመጀመሪያውን ሞዴል የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ስቴሽን ዋገኖቹ ባለ 60 እና ባለ 80 ተከታታይ ሞዴሎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመላው ዓለም ተሰራጭተዋል። በአገራችንም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች ለመስክ ሥራ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ በጨረታ ወደ ግለሰቦች እጅ ይገባሉ።

ከእነዚህ ውስጥ መካኒኮች በተለይ የሚመርጡት 1ኤችዜድ የተባለውን፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለውን የናፍጣ ሞተር የያዙትን ነው። ሞተሩ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ የናፍጣ ፓምፑም ሆነ ኖዝሉ በእጅ መሣሪያ ይሠራል። ይኸው ሞተር በየወረዳው በሚታዩት የላንድክሩዘር አምቡላንሶችም ላይ የተገጠመ በመሆኑ መለዋወጫውንና አሠራሩን የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት አይከብድም።

ምን ያህል ይጭናል? ምን ያህል ይጠጣል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስቴሽን ዋገን የሰው መኪና እንጂ የጭነት መኪና አይደለም። ሾፌሩንና ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ መሸከም የሚችለው ክብደት ከ7 ኩንታል ገደማ አይዘልም። አምስት ሰው ከተቀመጠበት ለምርት የሚተርፈው ሦስት ኩንታል ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ሲጫን ሞላው ይዝላል፣ ፍሬኑ ይደክማል፣ ኩሸኔታው ያልቃል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚከመር ጭነት ደግሞ መኪናውን ከላይ ስለሚያከብደው በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ይዳርጋል።

ስለዚህ ሥራው ማሽላና ሽንኩርት በኩንታል ማመላለስ ከሆነ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ፒክአፕ ይሻላል። ስቴሽን ዋገኑ የሚያዋጣው ሰው፣ የእንስሳት መድኃኒት፣ ምርጥ ዘር፣ ወተትና የመሳሰለውን ቀላል ግን አስቸኳይ ነገር ለሚያጓጉዝ ነው። ወተት የሚጭን ሰው የተዘጋ አካል በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ እንደሚግል አውቆ ከንጋት በፊት መንቀሳቀስ ይኖርበታል።

የነዳጅ ሂሳቡም አስቀድሞ መሠራት አለበት። ይህ ሞተር እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ በአንድ ሊትር ናፍጣ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ደርሶ መልሱ 40 ኪሎ ሜትር ለሆነ ቀበሌ በአማካይ 5 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ ቡድን በሳምንት 15 ሊትር፣ በአራት ሳምንት 60 ሊትር ይቆጥራል። አሸዋና አቀበት ሲበዛ ፍጆታው ከዚህ ይጨምራል። ቁጥሩን በዕለቱ የናፍጣ ዋጋ አባዝቶ ከምርቱ ትርፍ ጋር ማስተያየት ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ለጎማ፣ ለዘይትና ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብም ከየጉዞው ገቢ ላይ ተቀንሶ ለብቻው መቀመጥ ይኖርበታል።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት በእጅጉ አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ የብር ዋጋ በመውረዱ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ጨምሯል። አሮጌው መኪና አሮጌ ቢሆንም ርካሽ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሲገዙ ምን ይታያል?

ልምድ ያለው ገዢ ከቀለም በፊት ወረቀት ያያል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ ዓመታዊ ምርመራው መታደሱን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራል። ከቀረጥ ነፃ ገብቶ የነበረ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ ካልተረጋገጠ ስም ማዛወር አይቻልም። ሰሌዳውም ወሳኝ ነው፤ የግል መገልገያ በሆነው ኮድ 2 የሰው ዕቃ በክፍያ መጫን ሕጉ አይፈቅድም።

ቀጥሎ ሞተሩ ይፈተሻል። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሲነሳ ማየት ይመረጣል። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ምልክት ካለ ወይም ውኃው የሚፈላ ከሆነ ቴስታታው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ መጠየቅም የግድ ነው። ቺንጋው በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ካልተለወጠና ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል። መቼ እንደተለወጠ የሚያውቅ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ መቀየር ይሻላል።

ሦስተኛው የአራት ጎማው ኃይል ነው። አንዳንድ መኪና ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ወደ ፊት ጎማ ኃይል የሚወስደው ዘንግ ተፈትቶ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ሳይሠራበት ዝጎ ይነክሳል። ስለሆነም በአስፋልት ላይ ብቻ ነድቶ መግዛት ስህተት ነው፤ አሸዋ ላይ መሞከር አለበት። ከፊት ጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን ቅባት የሚፈስ ከሆነም ጎሚኒዎቹ አልቀዋል ማለት ነው።

አያያዙ

የድሬዳዋ ትልቁ ጠላት ሙቀትና አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራማ ወቅት በየጥቂት ቀኑ መራገፍ፣ ራዲያተሩም ከውጭ መታጠብ ይፈልጋል። አሸዋ ሲገቡ የጎማ ነፋስ ቀነስ ማድረግ፣ ሲወጡ መልሶ መሙላት ይጠቅማል፤ ለዚህም መንፊያ ከመኪናው አይለይም። የፊት ኃይሉ በማርሽ የሚገባለት ዓይነት ከሆነ በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም ጎማ አስገብቶ መንዳት ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ሆኖም በወር አንድ ሁለቴ ልል መሬት ላይ ማሠራት እንዳይነክስ ይረዳል።

ከደንገጎ ቁልቁለት ሲወርዱ የአራት ጎማ ኃይል ፍሬን አይሆንም። ከመውረድ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ እንጂ ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ያስከዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የጎርፉ ነገር ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ሲጥል ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ደረቁ ወንዝ በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የድሬዳዋ ሕዝብ አይረሳውም። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውኃ ላንድክሩዘርን የመሰለ ከባድ መኪና ጠርጎ ይወስዳል። አራቱ ጎማ የሚጠቅመው መሬት ሲረግጥ ብቻ ነው፤ ውኃ ካነሳው አራቱም አንድ ናቸው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እንዲሉ፣ ውኃው እስኪጎድል አንድ ሰዓት የጠበቀ ሰውም ወተትም ያተርፋል። ውኃ ካቋረጡ በኋላም የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት ያስፈልጋል፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል።

የወረዳና የቀበሌ ድርሻ

ጉዳዩ የገዢው ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ለመለዋወጫ በጀት ጠፍቶ የቆመ መኪና በቆመ ቁጥር ጎማው ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ዕቃው አንድ በአንድ እየተፈታ ለሌላው ይውላል። ጨረታ ሲወጣ ከአካሉ በቀር የሚሸጥ አይኖረውም። ጥቅም የማይሰጠው መኪና ቶሎ ቢወገድ መንግሥት የተሻለ ዋጋ ያገኛል፣ ገዢውም የሚሠራ ንብረት ይገዛል። የጥገና መዝገቡ ከመኪናው ጋር ለገዢው ቢተላለፍ ደግሞ ቺንጋው መቼ ተለወጠ የሚለው ጥያቄ በግምት አይመለስም።

በሌላ በኩል መኪናው ጠንካራ መሆኑ መንገዱን ለመርሳት ምክንያት መሆን የለበትም። የተጠረገ የቀበሌ መንገድና በወንዝ መሻገሪያ ላይ የተነጠፈ ኮንክሪት የአንድን ማኅበር ሳይሆን የሁሉንም ወጪ ይቀንሳል። መንገዱ ሲስተካከል ባለ ሁለት ጎማ ኃይሉ ፒክአፕም፣ ባጃጁም፣ የጋሪ አህያውም ያልፋል። እስከዚያው ድረስ ግን ሂሳቡን አስቀድሞ የሠራ፣ ወረቀቱን ያጣራና መኪናውን በልኩ የጫነ ማኅበር አሮጌውን ላንድክሩዘር ለዓመታት እንጀራ ማግኛ ማድረግ ይችላል።