ሻርል 7ኛ፤ ከሞንትሮ እስከ ሞንትሮ

ስለ ፈረንሳይ ንጉሥ ስለ ሻርል 7ኛ ሲነገር ፈሪና ወላዋይ እንደ ነበረ፣ ዙፋኑንም ያስመለሰችለት ዣን ዳርክ እንደ ሆነች ይተረካል። እኛም በትምህርት ቤት የተማርነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የፍርሃቱን ምክንያት ሳይመረምሩ ሰውየውን መንቀፍ ትክክለኛ ፍርድ አይመስለንም። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1419 የቡርጎኝ መስፍን ዣን በሞንትሮ ድልድይ ላይ ለእርቅ ሲነጋገር በአልጋ ወራሹ ሰዎች እጅ ተገደለ። ሻርልም በስፍራው ነበረ። የሟቹ ልጅ ፊሊፕ የአባቱን ደም ለመመለስ ከእንግሊዞች ጋራ አበረ። በሚከተለው ዓመት፣ በትሯ ውል፣ አእምሮው የታወከው ሻርል 6ኛ ልጁን ከአልጋ ወራሽነት ሽሮ ዘውዱን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሄንሪ 5ኛና ለዘሩ አወረሰ። የተሻረው ወጣት ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ።

በ1422 ሁለቱም ነገሥታት ሞቱ፤ የእንግሊዙ ወራሽም ገና ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበረ። ታዲያ ሻርል ስለ ምን ዘምቶ ዙፋኑን አልያዘም? ሞክሮ ነበር። ነገር ግን በ1424 ጦሩ በቬርነይ ክፉኛ ተመታ። ጠላቶቹም «የቡርዥ ንጉሥ» እያሉ ይሣለቁበት ጀመር።

በግንቦት 1429 ኦርሌአን ከከበባ ከወጣች በኋላ ዣን ወደ ራንስ እንሂድ አለች፤ የፈረንሳይ ነገሥታት የሚቀቡት በዚያ ነበርና። መንገዱ በቡርጎኝ ወገኖች አገር ያልፋል። የትሯ ከተማ፣ ይኸውም ውሉ የተፈረመባት፣ በሯን ዘጋች። ሠራዊቱ ስንቅ አለቀበት፤ አማካሪዎቹም እንመለስ አሉ። ዣን ግን ጥቂት ቀን ታገሡ ብላ ተከራከረች፤ ንጉሡም እሷን ሰማ። ከተማይቱ ተከፈተች። ሐምሌ 17 ቀን በራንስ ተቀባ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ለማስተባበል አንሞክርም። ዣን በ1430 ስትማረክ ቤዛ ከፍሎ አላስለቀቃትም፤ በ1431 በሩዋን ተቃጠለች።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1435 በአራስ ውል ስለ ሞንትሮው ግድያ ፊሊፕን ይቅርታ ለመጠየቅ ተስማማ። ይህ ለአንድ ንጉሥ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እንግሊዞች ግን ዋና ረዳታቸውን ያጡት በዚሁ ነው። በ1436 ፓሪስ ተያዘች። በ1437 ንጉሡ ያችኑ ሞንትሮን ከበበ፤ ቅጥሩ ሲደፈርም ራሱ ሰይፍ ይዞ ከወታደሮቹ ጋራ ገባ።

ከሁለት ወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥም ወደ ፓሪስ ገባ፤ ከተማይቱን ከለቀቀ 19 ዓመት ሆኖት ነበር።