የጥንቱን ታሪክ ለዛሬ ልጆች ስለ መግጠም

ከደባርቅ ተነሥቶ፥ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. የለቀቁትን የጊችን ሜዳ አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚዘልቅ መንገደኛ፥ ከታላላቆቹ ጫፎች አንዱ አባ ያሬድ ተብሎ እንደሚጠራ ይሰማል። ይህም የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ሕይወቱን የፈጸመው በሰሜን በረሓ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ወደዚያ የሄደበት ምክንያት በስንክሳር በግንቦት 11 ቀን ይነበባል። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ጣዕም ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ነገር ግን ዜማው እስኪፈጸም ድረስ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም። ንጉሡ ደንግጦ ስለ ደሙ ዋጋ የሚሻውን እንዲለምን ቢፈቅድለት፥ ያሬድ አስቀድሞ አስምሎ ወደ በረሓ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡም እጅግ ቢያዝን በመሐላ ታስሮ ነበርና ለቀቀው።

ይህ ታሪክ የተጻፈው በግዕዝ ነው። በንባቡ መጨረሻ ያለው አርኬም የግዕዝ ግጥም ነው፤ የደረሱት ሊቃውንት ረጅሙን ንባብ አሳጥረው ለጆሮና ለልብ እንዲስማማ ቤት አስመትተውታል። እንግዲህ አያት አርኬውን በቃሉ ሲደግም የልጅ ልጁ ድምፁን ይወዳል፥ ምሥጢሩን ግን አያገኝም። ታዲያ ታሪኩን በአማርኛ ገጥሞ መስጠት ክብሩን ማሳነስ ነውን?

ይኸው ጥያቄ በእንግሊዝ አገርም ተነሥቶ ነበር። ታላቁ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1400 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ቋንቋው እየተለወጠ ስለ ሄደ፥ ሦስት መቶ ዓመት ሲሞላ ግጥሙን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ሆነ። ስለዚህ ጆን ድራይደን የተባለ ባለቅኔ በሽምግልናው ተረቶቹን በዘመኑ ቋንቋ ሊገጥማቸው ዐሰበ። ቾሰርን አብዝቶ የሚወደው መኰንን ሎርድ ሌስተር ግን ይህን እንዳያደርግ መከረው፤ ድራይደንም እርሱን አክብሮ እስኪሞት ድረስ ሥራውን አቆየ። መጽሐፉ የታተመው በ1700 ዓ.ም. ነው፤ ድራይደንም በዚያው ዓመት ሞተ። በመቅድሙም የደከመው የቀድሞውን ቋንቋ ለሚያውቁት ሳይሆን ለማያውቁት መሆኑን ገልጿል።

መኰንኑ የከለከለው በፍቅር እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ቢሆንም ምክሩ ጸንቶ ቢቀር ኖሮ፥ ቀበሮ አውራ ዶሮን በውዳሴ አታልሎ ዐይኑን ጨፍኖ ሲዘፍን አንገቱን እንደ ያዘው፥ ዶሮውም በተራው ቀበሮውን አናግሮ አፉን አስከፍቶ እንዳመለጠ የሚናገረው ደስ የሚያሰኝ ተረት ከብዙ ቤት በራቀ ነበር።

ድራይደንም ነቀፋ አላጣውም፤ ቾሰር በአንድ ቃል ያለፈውን እርሱ አንዳንድ ጊዜ ያስረዝመዋል። የያሬድንም ታሪክ ለልጆች የሚገጥም ሰው ከዚህ ይጠንቀቅ። የጦሩ ነገር ኀይሉ በአጭርነቱ ነው፤ የንጉሡን ልቅሶ በብዙ ስንኝ ያበዛ እንደ ሆነ፥ ደሙ ሳይታወቅ የፈሰሰባት ያች ጸጥታ ትጠፋለች።

በእኛም አገር ከበደ ሚካኤል በ1930ዎቹ ዓ.ም. ባሳተሙት «ታሪክና ምሳሌ» ጥንታዊ ተረቶችን በአማርኛ ግጥም አቅርበው፥ የተማሪ ቤት ልጆች በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ተወዶላቸዋል። ለስንክሳሩም ታሪክ እንዲህ ያለ ገጣሚ ቢገኝ፥ በግንቦት 11 ቀን ማታ አያት አርኬውን በግዕዝ ይላል፤ ልጁም የአማርኛውን ግጥም ይመልስለታል።