የድርጅት ውሕደትና የመረብ ዝውውር

ሁለት የተንቀሳቃሽ ስልክ ድርጅቶች አንድ ሲሆኑ ተርጓሚዎቻችን ድርጅቶቹም መረቦቻቸውም «ተዋሐዱ» ይላሉ። ቃሉ ለድርጅቶቹ ይስማማል፤ ለመረቦቹ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

በአሜሪካ ስፕሪንትና ኔክስቴል እ.ኤ.አ. በ2005 በሕግ አንድ ድርጅት ሆኑ። የመረቦቻቸው ስልት ግን የተለያየ ነበር፤ የስፕሪንት ሲዲኤምኤ፣ የኔክስቴል ደግሞ ሞቶሮላ የሠራው አይደን ነበር። ለአንዱ ስልት ብቻ የተሠራ የእጅ ስልክ በሌላው አይሠራም። ስለዚህ አንዱ ድርጅት ሁለቱን መረቦች ጐን ለጐን ሲያስተዳድር ቆይቶ በ2013 አይደንን ዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2020 ስፕሪንት ከቲ-ሞባይል ጋር ሲዋሐድም ነገሩ ተደገመ፤ የሲዲኤምኤው መረብ በ2022 ተዘጋ።

«ውሕደት» አንድ መሆንን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ ነው። በኬሚስትሪም ውሑድን ከድብልቅ የምንለየው ንጥረ ነገሮቹ ተዋሕደው ሌላ ነገር ስለሚያስገኙ ነው። ከላይ ባየነው ግን ከሁለት መረብ አዲስ አንድ አልተገኘም፤ አንዱ ጠፋ፣ ደንበኞቹም ወደ ሌላው ተሻገሩ። ለዚህ «ዝውውር» የተሻለ ነው። መረቦቹ ሳይዘጉ ጥሪ ለሚቀባበሉበት ጊዜ «ትስስር» ይበቃል። «ቅልቅል» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን በሠርጉ ቅልቅል የተገናኙት ቤተሰቦች ሲመሽ ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ «መረቦቹ ተዋሐዱ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበ ደንበኛ ስልኩን መለወጥ እንዳለበት ከየት ያውቃል?